አሞራ ገደልን ለሌላው ትተን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ቤተሰብ ዕረፍት ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ሐዋሳን በገብርኤል ሰሞን አይታችኋታል? ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 አካባቢ ማለቴ ነው። አልጋ አይገኝም። ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ፍቅር ሐይቅ መቀመጫ የለም። አሞራ ገደል ዓሣ ለመብላት ወረፋ፣ ጀልባ ለመሳፈር ደግሞ ሌላ ወረፋ። ልጆች ይነጫነጫሉ፣ አዋቂው ስልኩን ይዞ ፎቶ ያነሳል፣ ማታ ሁሉም ድክም ብሎት ይተኛል። ለንግሥ የሄደ ሰው ሌላ ነው፤ እሱ የመጣው ሕዝቡንም ፈልጎ ነው። እኔ የማወራው ለማረፍ ብለን ስለምንሄደው ነው።

“ሰው የማይበዛበት ቦታ ጠቁሚን” የሚሉኝ አሉ። ቦታ መፈለጉ ብዙም የሚያዋጣ አይመስለኝም። ዛሬ ጭር ያለው ቦታ ነገ ቲክቶክ ላይ ከወጣ አለቀለት። ይልቅ ከቤታችሁ አንዱ የሚወደውን ነገር ያዙና ጉዞውን እሱ ይምራው። ሥዕል ሊሆን ይችላል፣ ዓሣ ማጥመድ ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ወፍ ነው። ያመጣብን ትልቁ ልጄ ነው።

ወፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ማለዳ መነሳት አለበት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ያው የሐዋሳ ሐይቅ፣ ያው ዳርቻ ባዶ ነው። ዓሣ አጥማጆቹና አንዳንድ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ያሉት። ሕዝቡ ቁርሱን በልቶ ሲመጣ እኛ ጨርሰን ወደ ክፍላችን እንመለሳለን። ቦታ አልቀየርንም እኮ፣ ሰዓት ነው የቀየርነው።

የሚታየው ደግሞ ብዙ ነው። በዛፎቹ ላይ አረንጓዴ፣ ክንፋቸው ጠቆር ያለ ትንንሽ በቀቀኖች አሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በተፈጥሮ የትም አይገኙም። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ቀይ የላትም። ትንሿ ልጄ ይቺን ልዩነት ከያዘች ወዲህ ዛፍ ሥር ቆማ “ወንድ! ሴት! ወንድ!” እያለች ትቆጥራለች። ወፎቹ በርግገው እስኪሄዱ ድረስ ማለት ነው።

ጃካና የሚባል ወፍም አለ። ጣቶቹ በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ውሃው ላይ በተኛ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው አባትየው ነው። ልጄ ይህን ሲያስረዳ አማቴ ባለቤቴን ቀና ብለው አዩትና “ሰማህ?” አሉት።

አማቴ ብዙ መራመድ አይችሉም። መጀመሪያ ላይ ይሰለቻቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ በፔርሙስ ቡና ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኛ እየሄድን እንመለሳለን። ገጠር ስላደጉ ወፎቹን ያውቋቸዋል። አባ ኮዳ ምን እንደሚበላ፣ ጭልፊት ጫጩት እንዴት እንደሚነጥቅ ለልጆቹ ያወሩላቸዋል። ፍቅር ሐይቅ ሲሞላ ግን አንድ ጥግ ላይ ዕቃ ጠባቂ ሆነው ነበር የሚውሉት። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

መንገዱም ቢሆን መልኩን ቀየረ። ድሮ “መቼ ነው የምንደርሰው?” ነበር። አሁን ባቱ ስንደርስ ሐይቁ ዳር ወርደን ፔሊካኖቹንና አባ ኮዳዎቹን እናያለን። ከዚያ አብያታ ሻላ። የሻላን ነገር ልንገራችሁ። ሐይቁ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ ዓሣ ግን እምብዛም የለውም። ፔሊካኖች ደሴቶቹ ላይ እንቁላል ጥለው ጫጩት ይፈለፍላሉ፣ ለምግብ ግን ጎረቤት ወዳለው አብያታ ይበሩ ነበር። የአብያታን ገባር ወንዞች መስኖ ጠጣቸው፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ተሳበ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ባሰ፣ ዓሣው አለቀ። ስለዚህ ፔሊካኖቹ ለልጆቻቸው ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ጀመሩ። ልጄ “ታዲያ ለምን ቤታቸውን አይቀይሩም?” ብሎ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ሲጨቀጭቀኝ ሄደ። ደሴቱ ላይ ጅብም ቀበሮም አይደርስባቸውም፤ መልሱ ይሄው ነው። እሱ ግን አልተዋጠለትም።

ባይኖክላር ለመግዛት ላሰባችሁ አንድ ነገር ልበል። 8 በ42 የሚል የተጻፈበት ይበቃል። 8 ጊዜ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የበለጠ የሚያቀርበው ልጅ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ለመላው ቤተሰብ አንድ ብቻ ከያዛችሁ ግን ጸጥታውን እርሱት፤ ጠብ ነው። መርሊን የሚባለውን፣ ያያችሁት ወፍ ምን እንደሆነ የሚነግራችሁን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ አፕም ከቤት ሳትወጡ አውርዱት። ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ደብረ ዘይት ላይ ደግሞ ባይኖክላር ስትደግኑ ወዴት እንደምትደግኑ አስተውሉ፤ የአየር ኃይል ከተማ ናት፣ ሰው ዓይኑን ይጥልባችኋል።

ሰሞኑን ለምትሄዱ፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ወፎች ሐይቆቻችን ላይ ናቸው። የገና ዕረፍት እዚያው መሀል ይውላል።

ዘመዶች “ሐዋሳ ድረስ ሄዳችሁ አሞራ ገደል ሳትገቡ?” ይሉናል። አዎ፣ ሳንገባ። ዓሣውን ከተማ ውስጥ በላን።

ባለቤቴ አሁን ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልግዛ እያለ ነው። በዘንግ የምታጠምዱ ካላችሁ የትኛው ሐይቅ ላይ እንደሚያዝላችሁና ምን እንደምትጠቀሙ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው አነበዋለሁ። ደህና ሁኑልኝ።