ታማኝ ለማን?

(በደብረ ማርቆስ ለአንባቢዎችና ለወጣት ጋዜጠኞች የተዘጋጀ ንግግር)

እንዴት አመሻችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንዲሁም ከኋላ ወንበር ላይ የተደረደራችሁ ወጣት ጋዜጠኞች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁበት ምክንያት ገብቶኛል። ንግግሩ ከረዘመ ሹልክ ለማለት ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ እዚያው ነበር የምቀመጠው።

አዘጋጆቹ እንድናገርበት የሰጡኝ ጉዳይ የፈረንጅ ነው። አዲስ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካቢኔውን ሲመርጥ ሚዲያው የሚያወራው ወሬና የፖለቲካ ታማኝነት። «ማርቆስ ተቀምጦ የዋሽንግተንን ሹመት ማውራት ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። ሆኖም ስለ ሹም ሽር ጎጃም ከማንም የሚማረው ነገር ያለ አይመስለኝም። ትንሽ ታገሡኝ፣ ዞሬ ዞሬ እዚሁ እመጣለሁ።

በመጀመሪያ ግን ኃጢአቴን ልናዘዝ።

ገና ጀማሪ ሪፖርተር ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋዜጣ ላይ እሠራ ነበር። አንዲት የጎጃም ከተማ ውስጥ አንድ የኃላፊነት ወንበር ክፍት ሆነ። እኔም «ታማኝ ምንጮች እንደገለጹልኝ» ብዬ የአንድ ሰውዬ ስም ጻፍኩ። ታማኝ ምንጮቼ ስንት ነበሩ? አንድ። እሱም ማኪያቶ የጋበዘኝ የሰውዬው የሚስት ወንድም ነው። ጋዜጣው በወጣ ማግስት የሰውዬው ቤት በእንኳን ደስ ያለህ ባይ ተጥለቀለቀ። አንዱ አረቄ ይዞ መጣ። ሌላው ሙክት እየጎተተ መጣ። ሰውዬውም እያደር ነገሩ እውነት መሰለው። ከአሥር ቀን በኋላ ሌላ ሰው ተሾመ። ሙክቱ ግን ታርዶ ተበልቷል። ያመጣው ሰው ደግሞ ዋጋውን መጠየቅ ጀመረ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታውን ትቶ «ሙክቱን ማን ይክፈል?» ይለኝ ነበር።

እርግጥ በዚህ ብቻዬን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2004፣ ጆን ኬሪ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ኒውዮርክ ፖስት የተባለው ጋዜጣ «ጆን ኬሪ ምክትላቸው እንዲሆኑ ዲክ ጌፋርትን መረጡ» ብሎ የፊት ገጹን ሞላው። በዚያው ቀን ጠዋት ኬሪ ወጥተው የመረጥኩት ጆን ኤድዋርድስን ነው አሉ። ትልቅ ጋዜጣም ሙክት ያሳርዳል።

ያኔ በደንብ ሳላያት ያለፍኳት ቃል «ታማኝ» የምትለዋ ናት። አማርኛችን ለሁለት ሰው አንድ ስም ነው ያወጣው። ወሬ የሚያቀብለን «ታማኝ ምንጭ» ነው። ለአለቃው የማያጎድል ሹምም «ታማኝ» ነው። የመጀመሪያውን የምናምነው እውነቱን ይነግረናል ብለን ነው። ሁለተኛው የሚታመነው ጌታውን አይከዳም ተብሎ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። የኔም ምንጭ ታማኝ ነበር። ለእህቱ ባል።

አሁን ወደ አሜሪካ። እዚያ ምርጫው በኖቬምበር መጀመሪያ ይካሄዳል። ቃለ መሐላው ጃንዋሪ 20 ነው። በመካከሉ አሥራ አንድ ሳምንት ገደማ አለ። 15 ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አለቃ ይጠብቃል። የታጨው ሰው ደግሞ ሴኔት ፊት ቀርቦ ይጠየቃል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። የ24 ሰዓት ቴሌቪዥን ያለበት አገር ውስጥ ይህን ሁሉ ሳምንት በምን ትሞሉታላችሁ? በወሬ ነዋ!

የድሮ ሰው ሹመት ሲፈልግ በትልቅ ሰው ደጅ ለወራት ይቆም ነበር። ደጅ መጥናት ይሉታል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፣ ሲገባም እጅ ይነሣል። ያየውም ሁሉ «እገሌ ምን ፈልጎ ይሆን?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ዶናልድ ትራምፕ ምርጫውን ባሸነፉ ሰሞን የሕንፃቸው እንግዳ መቀበያ ላይ ካሜራ ተተከለ። ወደ ሊፍቱ የሚገባውንና ከሊፍቱ የሚወጣውን በቀጥታ ያሳይ ነበር። ደጅ ጥናት በቴሌቪዥን ማለት ነው።

ከጠኚዎቹ አንዱ ሚት ሮምኒ ነበሩ። ሮምኒ እ.ኤ.አ. በ2012 በሪፐብሊካን ፓርቲ ስም ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ ሰው ናቸው። በማርች 2016 አደባባይ ወጥተው ትራምፕን አስመሳይና አጭበርባሪ ብለዋቸው ነበር። በኖቬምበር ግን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ስማቸው ተነሣ። ኖቬምበር 29 ሁለቱ ሰዎች አንድ ውድ ሬስቶራንት ውስጥ አብረው ራት በሉ። ሾርባው የእንቁራሪት እግር ነበረበት። (በጾም ነው በፍስክ ብላችሁ አትጠይቁኝ።) የዚያች ራት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ትራምፕ ወደ ካሜራው ዞረው ፈገግ ብለዋል። የሮምኒ ፊት ደግሞ እንጀራ ሲጋገር ጭስ ያፈነው ሰው ፊት ይመስላል። ከራቱ በኋላ ሮምኒ ለጋዜጠኞች ቆመው ትራምፕን አሞገሱ።

በዚያ ሰሞን የትራምፕ የቅርብ አማካሪ ኬሊያን ኮንዌይ በቴሌቪዥን ወጥተው ደጋፊዎቻችን ሮምኒ ቢሾሙ እንደተከዱ ይቆጥሩታል አሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። አማካሪ አለቃዋን መምከር ብትፈልግ በሩን አንኳኩታ ትነግረዋለች። በቴሌቪዥን መናገር ሌላ ነገር ነው።

የሩዲ ጁሊያኒም፣ የጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስም፣ የሴናተር ቦብ ኮርከርም ስም ሲነሳ ሲወድቅ ከረመ። ወንበሩ ግን ከአራቱ ለአንዳቸውም አልሆነም። ዲሴምበር 13 የነዳጅ ኩባንያው የኤክሶን ሞቢል ዋና ኃላፊ ለነበሩት ለሬክስ ቲለርሰን ተሰጠ። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። በማርች 2018 ትራምፕ መሻራቸውን በትዊተር አሳወቁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት ይነበባል? እዚህ ላይ የምትበልጡኝ እናንተ ናችሁ። የተወለዳችሁት ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ አይነሣም። ወርቁን ሳያገኝ እንቅልፍ የለውም። የሹመት ወሬም ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ «እገሌ ለመከላከያ ታጭቷል» ይላል። ወርቁ ያለው ይህን ማን ተናገረ በሚለው ውስጥ ነው። ራሱ እገሌ ካስነገረው ደጅ እየጠና ነው። ባላንጣው ከሆነ ስሙን አስቀድሞ አደባባይ አውጥቶ ሊያስመታው ነው። አንዳንዴ ተናጋሪው ራሱ ሿሚው ነው። በክረምት ወንዝ የሚሻገር ሰው ውሃው ውስጥ ዘንግ ሰዶ ጥልቀቱን ይለካ የለ? እንደዚያ ነው። ዘንጉ ጋዜጠኛው ነው። ሰውዬው ይሻገራል ወይም ይመለሳል። ዘንጉ ግን በሁለቱም በኩል ረጥቦ ይቀራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታማኝ፣ ወደ ሹሙ።

የጄፍ ሴሽንስን ታሪክ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ሴሽንስ የአላባማ ሴናተር ነበሩ። ትራምፕን አንድም ሴናተር ባልደገፋቸው ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 2016፣ ከሴናተሮች ሁሉ ቀድመው ደግፈዋቸዋል። ከዚህ በላይ ታማኝ ከየት ይመጣል? ወሮታውም ተከፈላቸው፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ከዚያ ሩሲያ በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ጣልቃ ገብታለች የተባለበት ምርመራ መጣ። ሴሽንስ ራሳቸው የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ አባል ነበሩ። የመሥሪያ ቤታቸው ደንብ ደግሞ የራስህን ዘመቻ ራስህ አትመርምር ይላል። በማርች 2017 ራሳቸውን ከምርመራው አገለሉ። ትራምፕ ይህን መቼም አልረሱላቸውም። ከዓመት በላይ በአደባባይ ሲወርፏቸው ቆይተው፣ በኖቬምበር 2018፣ የምክር ቤት ምርጫው ባለቀ ማግስት አሰናበቷቸው። ሴሽንስ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ሴኔት ለመመለስ ሲወዳደሩም ትራምፕ ተቀናቃኛቸውን ደገፉ። ሴሽንስ ተሸነፉ።

የአሜሪካ ሚኒስትር እጁን አንሥቶ ሲምል የሚምለው ሕገ መንግሥቱን ለመደገፍና ለመከላከል ነው። በመሐላው ውስጥ የፕሬዚዳንቱ ስም የለም። ሴሽንስን አወድሳለሁ ማለቴ አይደለም፤ በብዙ ነገር አልስማማባቸውም። ግን ሰውዬው ለደንቡ የታመኑ ዕለት ለትራምፕ ከሃዲ ሆኑ። አንዲቱ ቃል ሁለት ቦታ ስትቆም ይህን ታመጣለች።

እርግጥ ነው፣ ፕሬዚዳንት የሚያምነውን ሰው ባይሾም ጅል ነው። ትእዛዙን ቢሮ ውስጥ የሚቀብር ሚኒስትር ይዞ መሥራት አይቻልም። የመረጠው ሕዝብም የሚጠብቀው የገባውን ቃል እንዲፈጽም ነው። ይህን የማይቀበል ሰው መሥሪያ ቤት መርቶ አያውቅም።

ሌላ መንገድ የሞከሩም አሉ። አብርሃም ሊንከን ለዕጩነት የተፎካከሯቸውን ሲዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን ሰብስበው ካቢኔ አስገቧቸው። ቼዝ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው እያለ የሊንከንን ወንበር ከሥር ከሥር ይመኙ ነበር። ሊንከን በ1864 ሥልጣን መልቀቂያቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን መልሰው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ አደረጓቸው! ኦባማም በ2008 ምርጫ ማግስት ለዕጩነት የተቀናቀኗቸውን ሂላሪ ክሊንተንን ውጭ ጉዳይ ላይ አስቀመጡ። የቡሽን የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስንም ባሉበት አቆዩ። ትራምፕ ራሳቸው በ2016 «ትንሹ ማርኮ» እያሉ ያበሸቋቸውን ማርኮ ሩቢዮን በሁለተኛው ዘመናቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገዋል። ሴኔቱም በጃንዋሪ 2025 ሩቢዮን 99 ለ 0 አጽድቋቸዋል። የድሮ ባላንጣ አንዳንዴ ከድሮ ወዳጅ ይልቅ ይታዘዛል። ለምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ዞሬ እመጣለሁ ያልኩት ደረሰ።

ይህች ከተማ መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ይገዙ ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጠሙ። ቆስለው ተማረኩ። ስለ ምኒልክ ማንም የፈለገውን ይበል፣ የማረኩትን ንጉሥ አላጠፉም። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ እኒያው ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዐድዋ ላይ ከምኒልክ ጋር ተሰለፉ። ለማን ታምነው? ለማራኪያቸው? ለአገር? አያቶቻችሁን ብትጠይቁ በየቤቱ የተለያየ መልስ ታገኛላችሁ።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጦሩን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰጡ። ፊታውራሪም በወጣትነታቸው በምኒልክ ጦር የተማረኩ ናቸው። ለምኒልክ ከሳቸው በላይ ታማኝ አልነበረም ይባላል። ምኒልክ ግን አልጋውን ለልጅ ኢያሱ ተናዘው ሞቱ። በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የኢያሱን አባት የንጉሥ ሚካኤልን ጦር ድል የመታው ሠራዊት በሀብተ ጊዮርጊስ የሚመራ ነበር። ታማኝ ለማን? ለምኒልክ ኑዛዜ? ለምኒልክ መንግሥት? መቶ ዓመት አልፎም ሰው ይከራከርበታል። ዛሬ ማታ እዚህም ክርክሩ ቢነሣ አይገርመኝም።

የዛሬው ሥርዓታችን ከአሜሪካ ይለያል። የእኛ ፕሬዚዳንት ካቢኔ አያዋቅርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 መሠረት ዕጩ ሚኒስትሮችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ቀርቦ በአንድ ጉባኤ ይጸድቃል። የእነሱ ወሬ የሚደራው ስም ከተጠራ በኋላም ነው። ማት ጌትዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት በታጩ በስምንተኛው ቀን ራሳቸው ወጡ። ለመከላከያ ሚኒስትርነት የታጩትን ጆን ታወርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ሴኔቱ 53 ለ 47 ጥሏቸዋል። የእኛ ወሬ የሚያልቀው ስሙ ሲጠራ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከዚያ በፊት፣ ቴሌግራም ላይ ይወራል። ዝርዝር ይለቀቃል። ማኅተም ያለው የሚመስል ወረቀትም ይለቀቃል።

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎች ካቢኔ ገቡ። ብርሃኑ ነጋ ከኢዜማ፣ በለጠ ሞላ ከአብን፣ ቀጀላ መርዳሳ ከኦነግ። በዚያ ሰሞን ካፌው ሁሉ «ተገዝተው ነው፣ አገር አስቀድመው ነው» እያለ ሲከራከር ሰማሁ። የፓርቲው አባል አንድ ነገር ከሚኒስትሩ ይጠብቃል። የሾመው መንግሥት ሌላ ነገር ይጠብቃል። ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው የቢቸና ገበሬ ደግሞ ፓርቲውንም መንግሥቱንም ትቶ አስተማሪና መጽሐፍ ይጠብቃል። ሦስቱም «ታማኝ ይሁን» ነው የሚሉት። አንድም ጋዜጠኛ ግን ገበሬውን «ታማኝ ምንጭ» ሲለው አላነበብኩም።

ወጣቶች፣ ነገ አንድ ሰው ማኪያቶ ጋብዟችሁ ስም ቢያንሾካሹክላችሁ ማኪያቶውን ጠጡ፤ ነውር የለውም። ከዚያ ለማን ብሎ እንደነገራችሁ ፈልጉ። ካላገኛችሁት ጽሑፉ አንድ ቀን ይደር። እኔ አንድ ቀን ባሳድረው ኖሮ የሚስቱ ወንድም መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ይነግረኝ ነበር።

ጥያቄ ካላችሁ ዝግጁ ነኝ። የሚቀጥለው የዞን አስተዳዳሪ ማን እንደሚሆን ብቻ አትጠይቁኝ። የዘንድሮ ሙክት ዋጋ አይቀመስም።