ትሪው ላይ ካሎሪው የት ተደበቀ?

ከፊታችን አንድ ትሪ አለ። ሁለት ጠፍጣፋ ሥጋና አይብ ያለው በርገር፣ መካከለኛ መጠን ያለው የተጠበሰ ድንች፣ ግማሽ ሊትር ለስላሳ መጠጥ። በርገሩ ከ550 እስከ 600 ኪሎካሎሪ ይይዛል፤ ድንቹ ከ300 በላይ፤ መጠጡ 210 ገደማ። ሲደመር ወደ 1,100 ይጠጋል። (በተለምዶ «ካሎሪ» የምንለው ኪሎካሎሪውን ነው።) በምግብ መለያዎች ላይ ለአዋቂ ሰው የቀን መነሻ ሆኖ የሚጻፈው 2,000 ስለሆነ፣ የቀኑ ግማሽ በአንድ ትሪ ታለፈ።

ጥፋተኛው ማን ነው? ብዙ ሰው ጣቱን ሥጋው ላይ ይቀስራል። እኔ ግን ድንቹን ቀድሜ ችሎት ፊት አቆማለሁ።

[ምስል፦ የተከተፈ ድንች የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ]

100 ግራም የተቀቀለ ድንች 90 ኪሎካሎሪ እንኳ አይሞላም። ተቆርጦ ሲጠበስ ግን መቶ ግራሙ 310 ገደማ ይደርሳል። ምን ገባበት? ጥሬ ድንች ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ነው። ዘይቱ ውስጥ ሲወድቅ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ የምንሰማው መንጫጫት እሱ ነው። ውሃው በለቀቀው ቦታ ዘይት ይሰርጋል፣ የቀረው ስታርችም ይታመቃል። አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። ቀጭኑ ድንች ደግሞ ከወፍራሙ ይብሳል፤ ዘይት የሚነካው ገጽ ይበዛለታልና።

ማዮኔዝም በዚሁ ሒሳብ ይዳኛል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 90 ያህል ነው። «ሰላጣ ስላዘዝኩ ተረፍኩ» የሚል ሰው፣ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዶሮና ወፍራም ማባያ ከተጨመረበት፣ በርገር ካዘዘው ጓደኛው ላይሻል ይችላል።

መጠጡ ውስጥ ዘይት የለም፤ 53 ግራም ያህል ስኳር ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከቀኑ ጉልበት ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ በ2,000 ሲሰላ 50 ግራም መሆኑ ነው። ድርሻው እዚያው ብርጭቆ ውስጥ አለቀ። ከትሪው አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብባል ሳላመነታ ይህን በውሃ እቀይራለሁ። ጨውን በተመለከተ የካሎሪ ቁጥር ምንም አይነግረንም፤ ጨው ካሎሪ የለውም።

ቁጥሩ የማይነግረን ሌላም አለ። በአውሮፓውያኑ 2019 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት፣ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። ካሎሪው፣ ስኳሩ፣ ስቡና ጨው እኩል ሆኖ ተሰናድቷል፤ የፈለጉትን ያህል መብላት ይችላሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ኪሎካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ስለ ጣዕሙ ሲጠየቁ ለሁለቱም ተቀራራቢ ነጥብ ሰጡ። የተቀነባበረውን ግን ይበሉ የነበረው በፍጥነት ነበር።