ባሕር ዳር ሁለት ቃል ናት

ክቡራን እንግዶች፣ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ጸሐፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ?

ከዘጌ፣ ከደልጊ፣ ከጎርጎራ ዓሣ ይገባል፤ ቦታውን፣ ዓይነቱንና ኪሎውን ትመዘግባላችሁ። ዓምዱ እንዲስተካከል ክፍት ቦታ በጣታችሁ ስትጨምሩ አያለሁ። በማግስቱ ረዘም ያለ ስም ሲገባ ልፋቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሥራው የእናንተ አይደለምና።

ሥራው የ«ኮለም» (column) ነው፤ ጽሑፍን በዓምድ የሚያሰልፍ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ በ1990 እ.ኤ.አ. በርክሌይ ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር ወጥቶ ዛሬ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓትም ይገኛል። ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በተርሚናሉ ላይ፣ «ኮለም ሰረዝ ቲ» (column -t) ብላችሁ የፋይሉን ስም ስትሰጡት መዝገቡን እስከ መጨረሻው ያነባል፣ በየዓምዱ ረጅሙን ቃል ይለካል፣ የቀረውን በእርሱ ልክ ያሰልፋል።

እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ዘጌም ጎርጎራም ቀጥ ብለው ተሰለፉ። የራሳችን ከተማ ግን ተሰነጠቀች! «ባሕር» በቦታው ዓምድ ቀረች፤ «ዳር» ዓሣ ሆነች፤ አምባዛው ኪሎ ውስጥ ገባ፤ ኪሎው ራሱ ከሠንጠረዡ ወጣ። ያን መስመር ደጋግሜ አየሁት፤ የፊደል ስህተት የለበትም። ለካ ሌላ ካልተነገረው ኮለም ክፍት ቦታን ሁሉ እንደ ወሰን ይቆጥራል። የአስጋሪዎቹ ስምም ከነአባታቸው ሲጻፍ እንዲሁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ ወሰኑን የእንግሊዝኛውን ኮማ (,) አድርጉት፤ ከትእዛዙም ጋር «ሰረዝ ኤስ» (-s) ብላችሁ ኮማውን አሳዩት። ያን ጊዜ ባሕር ዳር አንድ ሆና ትቀመጣለች።

ፊደላችንንም አትርሱ። ዩቲኤፍ ስምንት (UTF-8) በተባለው የፊደል አቀማመጥ አንዱ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ 3 ባይት፣ ማለትም 3 የማከማቻ ክፍል፣ ይይዛል፤ «ቆሮሶ» 9፣ «አምባዛ» 12። ባይት የሚቆጥር ፕሮግራም አማርኛን ያዛንፋል። ኮለም ግን የኮምፒውተሩ ቋንቋ በትክክል ከተስተካከለ በስክሪን ላይ የሚይዘውን ስፋት ይቆጥራል።

አንድ አደራ አለኝ። ባዶዋን ለተመለሰች ታንኳ የኪሎውን ቦታ ባዶ አትተዉ፤ ዜሮ ጻፉ። አንዳንዱ የኮለም ዓይነት ተከታታይ ኮማዎችን እንደ አንድ ቆጥሮ ከኪሎው ቀጥሎ ሌላ ዓምድ ካለ የዚያን ቁጥር ወደ ግራ ይስበዋል፤ ያላጠመደው ሰው የሌላ ዓምድ ቁጥር እንደ ኪሎ ተሸክሞ ይገኛል።

ከምሳ በኋላ የዛሬን መዝገብ ይዛችሁ ኑ፤ ከባሕር ዳር መስመር እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።