ክዳኑ ሲከፈት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከለንደን ዳር እስከ ዳር ተጉዛችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የእንጨት ሣጥን ብዙዎቻችሁ ስትገቡ አይታችኋታል። ውስጧ ሽጉጥ አለ። ባዶ ነው፣ አትስጉ። ከ160 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥንታዊ መሣሪያ ለቅርስነት ብቻ እስከተያዘ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል።

«አንተ ሰላማዊ ሰው፣ ከሽጉጥ ጋር ምን አገናኘህ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እውነት ለመናገር መሣሪያ አልወድም። የምወደው ሣጥኑን ነው። ሣጥኑ ይናገራል። ዛሬ የማወራችሁም እንዴት እንደሚነበብ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

መጀመሪያ ሣጥኑ ለምን አስፈለገ? በድሮው ጠመንጃ ባልጩት ብረት ይመታና ብልጭታው ባሩዱን ያቀጣጥላል። ዝናብ ከመጣ አለቀ። አሌክሳንደር ፎርሳይት የሚባል የስኮትላንድ ቄስ አደን ይወድ ነበር። ወፎቹ ብልጭታውን እያዩ ቀድመው ሲያመልጡበት ሌላ ዘዴ ፈለገ። ሲመታ በራሱ የሚፈነዳ ኬሚካል ተጠቅሞ በ1807 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ኋላ ያ ኬሚካል ትንሽዬ የመዳብ ቆብ ውስጥ ገባ። መዶሻው ቆቡን ሲመታው እሳቱ ወደ ባሩዱ ይገባል። በቃ።

ሪቮልቨሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አምስት ወይም ስድስት ጉድጓድ ያለው፣ የሚሽከረከር ክብ ብረት አለው። እያንዳንዱን ጉድጓድ ከፊት ባሩድ ታጎርሰዋለህ፣ የእርሳስ ጥይት ትጠቀጥቅበታለህ፣ ከኋላ ቆብ ታለብሰዋለህ። ስለዚህ ሽጉጡ ብቻውን ምንም አይደለም። የባሩድ መያዣ ይፈልጋል። እርሳስ አቅልጦ ጥይት ማውጫ፣ የቆብ ቆርቆሮ፣ መፍቻ፣ መወልወያ ዘንግ፣ የዘይት ጠርሙስ ይፈልጋል። ሣጥኑ የነዚህ ሁሉ ቤት ነው። እንግሊዞቹ ውስጡን በጨርቅ አልብሰው በቀጫጭን እንጨት ይከፋፍሉታል። ፈረንሳዮቹ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕቃ ልክ እንደ ቅርጹ ይቦረቡሩለታል። ክዳኑ ላይ የሠሪው ወይም የሻጩ ወረቀት ይለጠፋል።

በ1851 እዚሁ ለንደን፣ ሃይድ ፓርክ፣ ያ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ሽጉጦቹን ደርድሮ መጣ። እንግሊዛዊው ሮበርት አዳምስም የራሱን ይዞ ቀረበ። የኮልት ስድስት ይጎርሳል፣ ግን ከያንዳንዱ ተኩስ በፊት መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ግድ ነው። የአዳምስ አምስት ይጎርሳል፣ ግን ቃታውን መሳብ ብቻ ይበቃል። ኮልት በ1853 ቴምዝ ወንዝ አጠገብ ፒምሊኮ ውስጥ ፋብሪካ እስከ መክፈት ደረሰ። ክርክሩን የፈረደው ግን ጦርነት ነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1854፣ እንግሊዞች ከሩሲያ ጋር በተዋጉበት በክራይሚያ ጦርነት፣ ኢንከርማን ላይ በጭጋግ መሐል ውጊያ ሆነ። የ88ኛው ሬጅመንት መኮንን የነበረ ክሮስ የሚባል ሰው ሩሲያውያን ከበቡት። በእጁ የአዳምስ ሽጉጥ ነበር። በኋላ ለአዳምስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በየተኩሱ መዶሻ መሳብ ቢኖርብኝ ኖሮ ሕይወቴ ታልፍ ነበር ይላል። አራተኛውን ሰው እንደመታ ወዲያው ጭኑ ላይ በሳንጃ ተወጋ። ይህን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ያን ሽጉጥ እንደ ጌጥ ላየው አልቻልኩም። ቃታው ላይ የነበረው ጣት ትዝ ይለኛል። የተመቱት አራቱ ሰዎችም እናት ነበራቸው።

ያኔ ብዙ የእንግሊዝ መኮንኖች ሽጉጣቸውን የሚገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነው። ለዚህ ነው ሣጥኖቹ ላይ ስምና ሬጅመንት ተቀርጾ የምናገኘው። ጀማሪ ሰብሳቢ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት ስም የተቀረጸበት ሣጥን አየሁ። ሻጩ «ክራይሚያ የዘመተ ነው» አለኝ። ልቤ ቀለጠ፣ ያለኝን አራግፌ ገዛሁ። ከዚያ ኪው ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄድኩ። ሰውዬው መኮንን የሆነው በ1858 ነው። ጦርነቱ ያለቀው በ1856! ቤት ተመልሼ ሽጉጡን ከሣጥኑ አውጥቼ ጨርቁን በደንብ አየሁት። ጨርቁ ላይ ያረፈው የብረት ጥላ ከሽጉጡ ቅርጽ ጋር አይገጥምም። ሣጥኑ የሌላ ሽጉጥ ቤት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ወሬ አልገዛም። መጀመሪያ ጨርቁን አያለሁ። የሚሽከረከረው ክብ ብረትና የሽጉጡ አካል ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አያለሁ። ጥይት ማውጫው የሚያወጣው ጥይት ለሽጉጡ ልክ መሆኑን እለካለሁ። ስሙን የማጣራው በመጨረሻ ነው። ዝገቱን አልፈገፍግም፣ እንጨቱን ቫርኒሽ አልቀባም። እባካችሁ፣ አባቶቻችሁ የተዉላችሁ ጎራዴም ሆነ ጠመንጃ ካለ አታብለጭልጩት። ስታብለጨልጩት የምታጠፉት ምስክርነቱን ነው።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። በ1862 የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ የተላከ ጥንድ ሽጉጥ ይዞ ኢትዮጵያ ገባ። ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ከካሜሮን በፊት ቆንስል ለነበረው ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ላደረጉት ደግነት የምስጋና ምልክት መሆኑን ይናገራል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በፋሲካ ማግስት፣ የዚያችው ንግሥት ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልሰጡም። የተሰጣቸውን ሽጉጥ ጠጡት። አንድ ብረት የወዳጅነት ደብዳቤ ሆኖ መጥቶ እንዲህ ሆነ።

ከመቅደላ የተዘረፈው በ15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደና ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሲቀርብልኝ «የማን ነበር?» ብዬ አላቆምም። «ከእጁ እንዴት ወጣ?» እላለሁ። መልሱ መቅደላ ከሆነ ከመደርደሪያዬ አይገባም፣ ወደ አገሩ መመለስ አለበት። በ2019 እዚሁ ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን የፀጉር ዘለላ መልሷል። የሚሆን ነገር መሆኑን አይተናል።

ይህቺ ከፊታችሁ ያለችው የቦሞንት አዳምስ ናት። በ1856 ሌተናንት ቦሞንት በአውራ ጣትም በቃታም እንዲሠራ አድርጎ ያሻሻለው ዓይነት ነው። ልኳ 54 ይባላል። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 54 ድቡልቡል ጥይት ይወጣል ማለት ነው። ትንሿን ክዳን ስትከፍቱ ባለቤቱ ራሱ ያፈሰሳቸው፣ ያልተተኮሱ ሦስት ጥይቶች ታገኛላችሁ። የጥይት ማውጫው መገጣጠሚያ መስመር አሁንም ይታይባቸዋል።

ጓንቱ ከጎኗ አለ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑ። ልጆች ከፊት ይቅደሙ።