«ከኔ ይሻላል»

ሰላም ሰላም። እማማ፣ ኮሮላዬ ማለቴ ነው፣ ድናለች። መልእክት የላካችሁ በሙሉ አመሰግናለሁ፣ አዎ፣ መሪዋ ተስተካክሏል። ግን ከጋራዡ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር አልወጣልኝ ብሏል።

መሪውን ስታዞሩት ትንሽ ባዶውን ይሄድና ነበር ጎማውን የሚይዘው። ፈጣን መንገድ ላይ በ100 ስትሄዱ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል፤ አንዱ አላይመንት፣ የጎማው አቅጣጫ ማለት ነው፣ ይላል፣ ሌላው መሪውን አስጠብቀው ይላል። ያለቀ ታይሮድ፣ የመሪውን እንቅስቃሴ ለጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ መሪ ስላጠበቁ አይድንም እኮ! ጭራሽ መሪው ይደርቅና ከታጠፈ በኋላ አልመለስ ይላል።

መካኒኩ ጋሼ መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ለኩ። ከዛ በክሪክ አነሷት። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ወዘወዙት፣ ቀጭ ቀጭ አለ። ላይና ታች ይዘው ወዘወዙት፣ ዝም። «ላይና ታች ቢሆን ኩሽኔታ ወይ ቦል ጆይንት እንል ነበር፤ ይሄ የታይሮድ ጫፍ ነው ልጄ» አሉኝ። ረዳታቸው መሪውን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ እጄን መገጣጠሚያው ላይ አስቀመጡልኝ። ላስቲኩ ተቀዷል፣ ግራሱ ከአፈር ጋር ተቦክቶ ደርቋል፣ ውስጡ ያለው ብረት ይንገጫገጫል። ሲፈቱት ደግሞ ስንት ዙር እንደዞረ እየቆጠሩ ነው፤ አዲሱ እዛው ጋ እንዲቆምና እስከ አላይመንት ድረስ ጎማው እንዳይጣመም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ደስ ይለኛል፣ በቃ።

እና... አንድ ሾፌር ተራ እየጠበቀ ነበር። የሱም ኮሮላ ነው፣ ሰው የሚጭንበት። ከኔ የተፈታውን ከመሬት አነሳው። ጫፉን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ጤነኛ ቢሆን በእጅ ማንቀሳቀስ ራሱ ያስቸግራል፤ ይሄኛው ያለ ጉልበት ወዲህ ወዲያ ይላል። ጠጋ አድርጎ አየው። ደግሞ ገፋው። ከዛ «ወንድሜ፣ ይሄን ትሰጠኛለህ? ከኔ ይሻላል» አለኝ።

ከኔ ይሻላል።

«ይሄ እኮ ያለቀ ነው» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። አውቃለሁ! ጋሼ ምንም ሳይሉ ከእጁ ተቀበሉትና የመፍቻ ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት። ሰውዬውም ትንሽ ቆሞ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በጣም ተናደድኩበት፤ ሰው ጭኖ እኮ ነው የሚሄደው፣ የሰው ልጅ፣ እናት፣ ተማሪ። ደግሞ ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ የመለዋወጫ ዋጋ ስትጠይቁ... እኔ ራሴ ስከፍል እጄ ከብዶኛል። ልገዛለት ይገባ ነበር? ለሱ ገዝቼ ለስንቱ ልገዛ ነው፣ እሱም ቢሆን መች ግዛልኝ አለኝ። ግን እንደዛ እያለ መንገድ ላይ ነው፣ አሁንም እያወራሁ ሳለ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቆይ፣ ደግሞ ቦሎው መስታወቱ ላይ አለ እኮ። የዘንድሮ ነው፣ አይቼዋለሁ። ያንን መሪ ይዞ ምርመራውን በምን... ተዉት። ብቻ ነገ ለጋሼ እደውላለሁ። ተመልሶ መጥቶ ከሆነ፣ ወይ የት እንደሚሠራ የሚያውቁት ከሆነ...