ደሙ ተቆርጦም የሚያስፈራ፦ በትንሽ በጀት ስላሸር ፊልም መሥራት

[ምስል፦ ምሽት፣ ደሴ። ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም፤ አንድ የበረንዳ አምፖል ብቻ ይታያል።]

ተራኪ፦ ጭንብል ያጠለቀ ገዳይ፣ ስለት፣ አንድ በአንድ የሚያልቁ ወጣቶች። ስላሸር የሚባለው የሆረር ዘርፍ ይኸው ነው። አንድ ቤትና ጨለማ ስለሚበቃው ገንዘብ የሌለው ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው "ሃሎዊን" የገዳዩን ጭንብል ከሱቅ የገዛው በ2 ዶላር ገደማ ነበር፤ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ ነጭ ቀለም ረጩበት፣ አለቀ።

ጀማሪ ግን ልፋቱን ሁሉ ደም ላይ ያውላል። የሳንሱር መቀስ ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ ደሙን ነው።

[ምስል፦ የቪዲዮ ካሴቶች ክምር።]

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሚከራዩ የሆረር ካሴቶች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዐቃቤ ሕግ በያዘው ዝርዝር በተለያየ ጊዜ 72 ፊልሞች ገብተዋል፤ 39ኙ ላይ ተፈርዷል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሕግ ደግሞ ፊልሞች በካሴት ከመሸጣቸው በፊት እንዲመረመሩ አስገደደ። አሜሪካ ውስጥ የሚቆርጥ የመንግሥት ሰው የለም፤ ደረጃ የሚሰጠው የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ነው። ነገር ግን እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ "ኤክስ" የሚባለውን የአዋቂ ብቻ ደረጃ ያገኘ ፊልም አብዛኛው ሲኒማ ቤት ስለማያስገባው አምራቹ ራሱ ይቆርጥ ነበር።

ከሁሉም የሚያስተምረው "ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር" ነው፤ 1974 እ.ኤ.አ.። ዳይሬክተሩ ቶቢ ሁፐር ቀለል ያለ ደረጃ አገኛለሁ ብሎ ደሙን ቀነሰ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ቆርጠው ለማሳለፍ ቢያስቡ የሚቆረጥ አጡ፤ የሚያስፈራው ጩኸቱና ድባቡ እንጂ አንድ ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ አንድ ምስል) አልነበረም። ስለዚህ ሙሉውን ከለከሉት። መርማሪ ቦርዱ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ያውም ሳይቆረጥ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ግን በሕግ ገደብ ሊደረግ ይችላል። ቴሌቪዥን ጣቢያውና ሲኒማ ቤቱም የየራሳቸው መቀስ አላቸው።

[ምስል፦ ምድጃ ላይ ድስት፤ ማንኪያ ቀይ ሲረፕ ያነሣል።]

ደሙን እንሥራ። 2 ኩባያ ስኳር በ1 ኩባያ ውሃ አሙቁ፤ ስኳሩ እንደሟሟ አውርዱ። ብዙ ከፈላ ውሃው ይተንና በማግስቱ ጠርሙሱ ውስጥ ስኳሩ ይረጋል። 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ቢገባበት መርጋቱ ይቀንሳል። ሲበርድ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፤ ከዚያ 1 የሻይ ማንኪያ ካካዋ በጥቂት ውሃ በጥብጣችሁ አስገቡ። ካካዋው ከሌለ ደሙ ካሜራ ላይ ጁስ ይመስላል። ነጭ ወረቀት ላይ ቀቡትና ጠርዙን እዩ፦ ጠርዙ ሮዝ ከሆነ ካካዋ ይጎድለዋል፤ ቡኒ ካደላ ቀይ ጨምሩ።

ልብስ ላይ ለሚፈሰው ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ብትጨምሩ ለማጠብ ይቀላል። አፍ ውስጥ የሚገባው ግን ለብቻው፣ ያለ ሳሙና ይሠራ፤ ጠርሙሱም ላይ ይጻፍበት። ነጠላና ጋቢ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት አሮጌ ጨርቅ ላይ ሞክሩ፣ የምግብ ቀለም ሁልጊዜ አይለቅም።

ደሴ ላይ ማታ ሲበርድ ሲረፑ ይወፍርና አልወርድ ይላል፤ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ያው ሲረፕ ይቀጥናል፣ ከግንባር ቶሎ ይወርዳል፣ ዝንብም ይጠራል። እዚያ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ 1 የሻይ ማንኪያ ስታርች ጨምራችሁ ትንሽ አብስሉት። ካሜራውንም ከብርድ ወደ ሙቀት ስታወርዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቦርሳው አታውጡት፤ ሌንሱ ላብ ይይዛል።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ሐብሐብ፣ ቢላ፣ ማይክ።]

አሁን ዋናው፣ ድምፁ። "ሳይኮ" የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1960 የቢላውን ድምፅ ያገኘው ሐብሐብ መሰል ፍሬ ከመውጋት ነው፤ ደሙም የቸኮሌት ሲረፕ ነበር፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አላወቀበትም። እናንተም ሐብሐብ ወይም ጥቅል ጎመን ውጉ፣ ማይኩን አንድ ስንዝር ያህል አስጠጉ። ከእያንዳንዱ ክፍል ሰው ሳይናገር 30 ሴኮንድ ባዶ ድምፅ ቅዱ፤ ኋላ ሾት ሲወጣ ክፍተቱን የሚሸፍነው እሱ ነው።

አንዱን የግድያ ትዕይንት በሦስት ሾት ክፈሉት፦ የሚነሣው እጅ፣ የተጠቂው ፊት፣ ደሙ። ፊቱን ቢያንስ 5 ሴኮንድ ያዙት። "ደሙን አውጡ" ከተባላችሁ የደሙ ሾት ብቻ ትወጣለች፣ ትዕይንቱ ግን ሳይፈርስ ይቀራል። ሙዚቃው ከምስሉ ጋር አንድ ላይ ከተጠረዘ ግን የተቆረጠው ቦታ ላይ ይዘላል፤ ሙዚቃ፣ ንግግርና ውጤት ድምፅ (እንደ ቢላው ያለው) በየትራካቸው፣ ማለትም በየራሳቸው የድምፅ መስመር ይቀመጡ። የኤዲት ፕሮጀክቱንና ጥሬውን ምስል አትደምስሱ።

ለሾቱ እውነተኛ ቢላ ለብቻው፣ ሰው በሌለበት ብቻ ይቀረጽ። ሰው አጠገብ ሲሆን ከካርቶን ተቆርጦ ብርማ ቀለም የተቀባ ይበቃል፤ በጨለማ ማን ያያል?

ቀረጻው ማታ ከሆነ ለቀበሌውና ለፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ ጎረቤቱንም በየቤቱ ዞራችሁ ንገሩ። ጭንብል ለብሶ ቢላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ያየ የሰፈር ሰው ፊልም ነው ብሎ አያስብም፣ ድንጋይ ነው የሚያነሣው።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ ዩቲዩብ።]

ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ ደም ያለበትን ፍሬም ሽፋን አታድርጉት፤ ሊወርድባችሁ ይችላል። ቪዲዮው የዕድሜ ገደብ ከተጣለበት አካውንቱን ከፍቶ ያልገባ ሰው አያየውም፣ ማስታወቂያም ይቀንሳል። ለሽፋኑ ያችን 5 ሴኮንድ የያዛችሁትን ፊት ውሰዱ።