እየዋሻችሁ እንደሆነ አላውቅም

ሰላም ለሁላችሁም።

ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ (ሥነ ልቦናን ለወንጀል ምርመራና ለፍርድ ጉዳዮች የሚያውል ዘርፍ) ነው የማጠናው ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ አሁን እየዋሸሁ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላውቅም። ቦንድና ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲያዩት፣ ሰው ያለ ልዩ መሣሪያ ውሸትን ከእውነት በትክክል የሚለየው በአማካይ 54 በመቶ ያህል ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ። በሥራቸው ከውሸት ጋር የሚውሉ ባለሙያዎችም ከሌላው ሰው ተሽለው አልተገኙም።

ስለዚህ ፊልም ላይ የምታዩትን እርሱት። ሥራው በአብዛኛው ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የምርመራ ቅጂ መስማት ነው። መርማሪው «ምን አየህ?» ነው ያለው ወይስ «ቢላውን በየትኛው እጁ ነበር የያዘው?» ሁለተኛው መሪ ጥያቄ ነው፣ ማለትም መልሱን አስቀድሞ የሚጠቁም፤ ምስክሩ ስለ ቢላ ገና ትንፍሽ አላለም እኮ! እያንዳንዱን ጥያቄ እንዲህ ኮድ ታደርጋላችሁ፣ ማለትም በመመሪያ መሠረት በየዓይነቱ ትመድባላችሁ። ከዚያ ሌላ ሰው የእናንተን ሳያይ ይደግመዋል፣ ካልተስማማችሁ መመሪያውን አስተካክላችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። ያሰለቻል። ግን ያለዚህ ጥናቱ የእናንተ የግል አስተያየት ሆኖ ይቀራል።

ታራሚዎችን ላጥና ያለ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይጠብቀዋል። ብዙዎች ያማርራሉ፤ እኔ ግን ኮሚቴው ልክ ነው ባይ ነኝ። እስር ላይ ያለ ሰው «እምቢ ካልኩ አመክሮዬ ይበላሻል» ብሎ ከፈረመ ያ ፈቃድ አይባልም። ቢሳተፍም ባይሳተፍም ጉዳዩ ላይ ለውጥ እንደማይኖር ልትነግሩት፣ እውነትም እንደዚያ መሆኑን ልታረጋግጡ ይገባል። ሂደቱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል እስር ቤት መግባት የማይጠይቅ ሌላ ርዕስ በእጃችሁ ይኑር።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ጥናት የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ችሎት የሚጠይቀው ስለ አንድ ሰው። ጨለማና ርቀት ምስክርን ሊያሳስት እንደሚችል መናገር እንችላለን፤ «ይህች ምስክር ተሳስታለች» ማለት ግን አንችልም። ጠበቃው እሷን ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ ለማውጣት የማይፈነቅለው ድንጋይ የለም፣ ዐቃቤ ሕጉም የተገላቢጦሹን። ገና ስም ያላወጣ ተመራማሪ ደግሞ መደመጥ ያምረዋል (አልዋሽም፣ እኔንም ያምረኛል)። ዳኛው ቢሰለቹም፣ ጠበቃው ቢቆጣም፣ ዳታው ከሚለው አንድ እርምጃ አትለፉ።

በተረፈ፣ ስታቲስቲክስ የሸሻችሁ ካላችሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር ተመዝገቡ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።